የቬልቬት አንደርግራውንድ አልበሞች፦ ከሙግቱ በፊት የትኛውን ቅጂ ሰማችሁ?

ከአሜሪካው የሮክ ባንድ ከቬልቬት አንደርግራውንድ አልበሞች የትኛው ይበልጣል የሚለው ሙግት እልባት የማያገኘው ተሟጋቾቹ ግትር ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ስሙ አንድ፣ ድምፁ ግን የተለያየ ነገር ሰምተው ነው የሚገናኙት። ሦስተኛውን አልበም «የታፈነ ነው» የሚል ሰው ዘፋኙ ሉ ሪድ ራሱ የሠራውን ሚክስ (የተቀረጹት ድምፆች ተመጣጥነው የተደባለቁበትን ቅጂ) ሰምቷል፤ «ጊታሮቹ ጥርት ብለው ይሰማሉ» የሚለው ደግሞ የድምፅ መሐንዲሱን የቫል ቫለንቲንን። አራተኛው አልበም ላይ «ስዊት ጄን» ተቆርጧል ብሎ የሚያዝነው የ1970ውን ሸክላ ይዟል፤ ምንም አልጎደለም የሚለው የ1997ቱን እትም። ሁሉም የሰማውን ነው የሚናገረው። ስለዚህ አልበሞቹን ስመዝን የትኛው ቅጂ እንደሚሻል፣ የትኛው እንደሚያሳስትና በምን እንደሚለይ አብሬ አስቀምጣለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ከአራቱ ዋና አልበሞች የመጀመሪያው ቦታ የሚገባው ለሦስተኛው ነው፤ ቀጥሎ አንደኛው፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ በመጨረሻ አራተኛው ይመጣሉ። በብዙኃኑ ወዳጅ ዘንድ ሙዝ የተሳለበት የመጀመሪያው አልበም አልጋውን ለማንም እንዳልለቀቀ አውቃለሁ። ታሪካዊ ክብደቱን አልክድም። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድም ነገር ሳይባክን የሚሄደው ግን ሦስተኛው ነው።

ለመመዘን ግን የባንዱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1965 መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ የተሟሉት አራቱ ሰዎች ሉ ሪድ በድምፅና በጊታር፣ ዌልሳዊው ጆን ኬል በቫዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለ መሣሪያ)፣ በቤዝና በኦርጋን፣ ስተርሊንግ ሞሪሰን በጊታርና አንዳንዴ በቤዝ፣ ሞሪን ታከር በከበሮ ነበሩ። ታከር ቆማ ነው የምትመታው። ትልቁን ባስ ድራም በጎኑ አጋድማ፣ ጫፉ በተሸፈነ ወፍራም መምቻ ትደልቀዋለች፤ ሲምባል እምብዛም አትነካም። በሌሎች የሮክ ባንዶች ሲምባል የሚሞላው የላይኛው ድምፅ እዚህ ባዶ ይቀራል፤ ቦታውን ጊታሮቹና የኬል ቫዮላ ይይዙታል። ኬል ደግሞ ቫዮላውን የጊታርና የማንዶሊን ክር አስሮበት፣ በማጉያ አሳልፎ ነው የሚጫወተው። ያ በ«ሄሮይን» ውስጥ እንደ ማሽን የሚጮኸው ነገር እሱ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ምክር አለ፤ ኢኳላይዘራችሁ ላይ ባሱን አትጨምሩ። «ሄሮይን» ላይ ቤዝ ጊታር የለም፤ «ሲስተር ሬይ» ላይም የለም። ባስ የጨመረ ሰው የሚያተርፈው የታከርን ከበሮ ጉምጉምታ ነው፤ ቫዮላውና የጊታሮቹ ጠርዝ ከሥሩ ተውጠው ይቀራሉ። «ይህ ባንድ ድምፁ የተበላሸ ነው» ከሚሉት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ባስ በሚያገንን የጆሮ ማዳመጫ የሰሙ ናቸው። ኢኳላይዘሩን ወደ ዜሮ መልሱና እንደገና ሞክሩት።

«ዘ ቬልቬት አንደርግራውንድ ኤንድ ኒኮ» በማርች 1967 በአሳታሚው በቨርቭ በኩል ወጣ። ቀረጻው በአብዛኛው ኤፕሪል 1966 ኒው ዮርክ በሴፕተር ስቱዲዮ የተካሄደ ሲሆን «አይም ዌይቲንግ ፎር ዘ ማን»፣ «ቬነስ ኢን ፈርስ» እና «ሄሮይን» በሚቀጥለው ወር ሆሊውድ ውስጥ በቲ ቲ ጂ ስቱዲዮ እንደገና ተቀረጹ። «ሰንዴይ ሞርኒንግ» የመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ሽፋኑ ላይ ፕሮዲዩሰር ተብሎ የሰፈረው ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ነው፤ የሆሊውዱንና የ«ሰንዴይ ሞርኒንግ»ን ሥራ የመራው ግን ቶም ዊልሰን ነበር። አልበሙን በተከታታይ ስትሰሙ ከዘፈን ወደ ዘፈን የክፍሉ ስፋት የሚለዋወጥ የሚመስላችሁ ከዚህ የተነሳ ነው።

ጥንካሬው ስፋቱ ነው። ጀርመናዊቷ ኒኮ በቀዝቃዛና ወፍራም ድምፅ ሦስት ዘፈኖችን ትመራለች፤ ወዲያው ከጎናቸው ስለ ዕፅ፣ ስለ አለንጋና ስለ ጎዳና የሚያወሩ የሪድ ግጥሞች ይመጣሉ። «ኦል ቱሞሮውስ ፓርቲስ» ላይ የሪድ ጊታር ክሮች በሙሉ በአንድ ኖታ፣ በዲ፣ የተቃኙ ናቸው፤ ዜማው ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ የሚያስጨንቀው ይህ ቅኝት ስላለበት ነው። «ሄሮይን» በሁለት ኮርዶች ብቻ ከሰባት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ፍጥነቱ እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ እንደገና እየጨመረ። ከአምስተኛው ደቂቃ በኋላ ከበሮው ድንገት ይቆማል። ታከር በጩኸቱ መካከል ሌሎቹን መስማት ስላልቻለች ነው ያቆመችው፤ እነሱ ግን ቀጠሉ፤ ቀረጻውም እንዳለ ተወሰደ። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቆጥረውም፤ ከበሮው ሲጠፋ ቫዮላው የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ዘፈኑ የሚያወራውም ስለዚያው ነው።

ድክመቱ ደግሞ ማለቂያው ላይ ነው። «ዩሮፒያን ሰን» ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ ወደ ጩኸት ገብቶ እስከ ፍጻሜው እዚያው ይቆያል፤ ያንኑ ሐሳብ ባንዱ በሁለተኛው አልበም እጅግ የተሻለ አድርጎ ሠርቶታል። «ዘር ሺ ጎስ አጌን»ም ከሌሎቹ ጎን ሲቆም ቀለል ያለ ነው።

የትኛው ቅጂ? ሞኖው፣ ማለትም ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የሚመጣበት። በስቴሪዮው መሣሪያዎቹ ግራና ቀኝ ተበታትነው የባንዱ ክብደት ይሳሳል፤ በሞኖው ሁሉም ከአንድ ቦታ ይገፋል፤ «አይም ዌይቲንግ ፎር ዘ ማን» ላይ ፒያኖው፣ ጊታሩና ከበሮው አንድ ግድግዳ ይሆናሉ። ሞኖና ስቴሪዮ አብረው የሚገኙት በ2002 ባለሁለት ሲዲው እትምና በ2012 ባለስድስት ሲዲው ነው። በ2012ቱ ውስጥ በኤፕሪል 1966 የተቆረጠው የሴፕተር አሲቴት (ለሙከራ የሚቆረጥ) ሸክላም አለ። ይህ ሸክላ በ2002 ኒው ዮርክ ውስጥ በአሮጌ ዕቃ ገበያ በ75 ሳንቲም የተገዛው ነው። ቀደም ያሉትን ሚክሶችና በኋላ እንደገና የተቀረጹትን ዘፈኖች የመጀመሪያ ቀረጻ ስለሚያሰማ ለተከራካሪ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም፤ የሸክላው ጭረት ብዙ ነው።

በ1986 የወጣውን የመጀመሪያውን ሲዲ የያዘ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። እዚያ ያለው «ኦል ቱሞሮውስ ፓርቲስ» የኒኮ ድምፅ ነጠላ የሆነበት ሚክስ ነው፤ በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ድምፅዋ በራሷ ላይ ተደርቧል። ለመለየት ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ሁለት ኒኮዎች ትንሽ ሳይገጣጠሙ ከተሰሙ ዋናው ነው። ነጠላው ቅርብና የሚያሳዝን ነው፤ እንደ ሁለተኛ ምርጫ ይያዝ እንጂ ዋናውን አይተካም። በሽፋኑ በኩል የሚላጠው ሙዝ ያልተላጠበትና ከጀርባው ፎቶ የተነሳ በተፈጠረ የመብት ጥያቄ በጥቁር ወረቀት የተሸፈነው የ1967 ቅጂ ለሰብሳቢ ውድ ነው። ለአድማጭ ግን ድምፁ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሙዙ የታተመበት ዳግም እትም ይበቃል።

«ኋይት ላይት/ኋይት ሂት» በጃንዋሪ 1968 መጨረሻ ወጣ። ስድስት ዘፈን፣ 40 ደቂቃ ገደማ። ወዳጆችን ለሁለት የሚከፍለው ይህ ነው፤ መነሻው ላይም አንድ የተሳሳተ ግምት፣ መሰነጣጠቁ የቅጂው ጥፋት ነው የሚለው፣ መታረም አለበት። ባንዱ በመድረክ ላይ የነበረውን ጩኸት ሳይቀንስ ስቱዲዮ ውስጥ ሊደግመው ፈለገ። ማጉያዎቹ በሙሉ ኃይል ሲጮኹ የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክሮፎን ገባ፤ የመቅጃው መርፌ ከቀዩ መስመር አልፎ ተቀመጠ። ስለዚህ መሰነጣጠቁ ያለው ቴፑ ውስጥ ነው። ሪማስተር የተደረገ (ድምፁ እንደገና የተስተካከለ) ውድ እትም ቢገዛ አይጠራም፤ አዲስ ስፒከርም አይፈውሰውም። ጥራት ፍለጋ ደጋግሞ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል።

«ዘ ጊፍት» የሪድን አጭር ልቦለድ ኬል በዌልስ ቅላጼው የሚያነብበት፣ ከሥሩም ባንዱ አንድ ከባድ ሐረግ የሚደጋግምበት ስምንት ደቂቃ ነው። በስቴሪዮው ንባቡ ግራ፣ ሙዚቃው ቀኝ ተደርጓል። ይህ ሆን ተብሎ ለአድማጭ የተሰጠ ምርጫ ነው፤ ባላንሱን ወደ ግራ አዙራችሁ መጀመሪያ ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ስሙ፤ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዙራችሁ የሞሪሰንና የሪድን ጊታር ብቻ አዳምጡ፤ በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ። በሞኖ ሲሰማ ሙዚቃው ቃላቱን ይጋርዳል። በ2013 ባለሦስት ሲዲው እትም ስቴሪዮውና ሞኖው፣ ንባቡ ብቻና ሙዚቃው ብቻ ሁሉም ለየብቻ አሉ። ስልኩ ላይ «ሞኖ ኦዲዮ» የሚለውን ቅንብር አብርቶ የረሳ ሰው ሁለቱን ተደባልቀው ነው የሚሰማው፤ አንዱን ጆሮ ብቻ ሰክቶ የሚሰማ ሰው ደግሞ ይህን ዘፈን ግማሹን ነው የሚያገኘው። አንዳንዱም ሙዚቃ ብቻ ሰምቶ «ዘፋኙ የታለ?» ይላል።

«ሌዲ ጎዳይቫስ ኦፐሬሽን» ላይ ኬል በለሰለሰ ድምፅ እየዘፈነ የሪድ ድምፅ ድንገት ጮክ ብሎ ቃል ይነጥቀዋል። አዲስ አድማጭ የኤዲት ስህተት ይመስለዋል፤ አይደለም፤ የተመረጠ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው ታሪክ ጋርም ይገጥማል። «አይ ሄርድ ኸር ኮል ማይ ኔም» ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሪድ ሶሎ ከሁሉም በላይ ተነስቶ ባንዱን ይቀብረዋል። ሞሪሰን የተሳሳተ ሚክስ ተመረጠ ብሎ ለጥቂት ቀናት ባንዱን ትቶ ነበር። እኔ ከሞሪሰን ጎን ነኝ። የታከር ምትና የእሱ ጊታር እኩል ቢሰሙ ሶሎው የሚጋጨው ነገር ያገኝ ነበር፤ አሁን ባዶ ላይ ነው የሚጮኸው።

«ሲስተር ሬይ» 17 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ነው፤ በአንድ ቀረጻ፣ የመጣው ይምጣ ተብሎ የተሠራ። ቤዝ የለም፤ ኬል ኦርጋኑን በጊታር ማጉያ አሳልፎታል። የድምፅ መሐንዲሱ ጌሪ ኬልግሬን መቅጃውን አስጀምሮ ክፍሉን ትቶ ወጥቷል። ዘፈኑን ለመከታተል ጆሮን ታከር ላይ መጣል ነው። እሷ ከመንገዷ አትወጣም፤ ሌሎቹ ሦስቱ ናቸው እርስ በርስ ለመበላለጥ ድምፃቸውን ደረጃ በደረጃ የሚጨምሩት። ኦርጋኑ ድንገት ከሁሉም በላይ የሚፈነዳበት ቦታ ሲደርስ ውድድሩን ማን እንዳሸነፈ ታውቃላችሁ። በሸክላ ለሚሰሙት አንድ ማሳሰቢያ፤ ይህ ዘፈን ሁለተኛውን ገጽ እስከ መሐል ድረስ ይይዛል። መርፌው ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር ከሥሩ የሚያልፈው መስመር በዝግታ ስለሚሄድ ከፍተኛው ድምፅ ይበላሻል፤ ያረጀ መርፌ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ወደ ተራ ጭረት ይለወጣሉ። ለዚህ አንድ ዘፈን ሲል ሲዲው ይመረጣል።

ሁለተኛውን ከአንደኛው የሚያስበልጡ ሰዎች ክርክር ይገባኛል፤ ባንዱ ሙሉ በሙሉ ራሱን የሆነው እዚህ ነው። ግን ሁለተኛው ገጽ ከመጀመሪያው ገጽ ጋር አይመጣጠንም፤ «ሂር ሺ ካምስ ናው»ም ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ምንም ሳይከፍት ይሄዳል።

በሴፕቴምበር 1968 ሪድ ኬል እንዲሰናበት አደረገ። በቦታው ከቦስተን ዳግ ዩል መጣ፤ ቤዝና ኦርጋን ይጫወታል፤ ይዘፍናልም። ኖቬምበርና ዲሴምበር እንደገና በቲ ቲ ጂ ስቱዲዮ ገብተው የቀረጹት፣ በማርች 1969 በአሳታሚው በኤም ጂ ኤም የወጣው፣ በባንዱ ስም ብቻ የሚጠራው አልበም ከቀደሙት ሁለቱ ፈጽሞ የተለየ ነው። «ኬል ስለሌለ ለሰለሰ» የሚለው አስተያየት ሁልጊዜ ይሰማል። እውነትነት አለው፤ ግን ያሳንሰዋል። ኬል በነበረበት ጊዜ ጩኸቱ የሚደብቀውን የሪድ ግጥም እዚህ ምንም የሚደብቀው የለም፤ ያንን ለመሸከም ዘፈኖቹ የበለጠ የተሠሩ መሆን ነበረባቸው፤ ናቸውም።

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ሪድ የመጀመሪያውን ዘፈን «ካንዲ ሰይስ»ን ለአዲሱ ሰው ለዩል ሰጠው። የገዛ ገላዋን ስለምትጠላ ሴት የሚያወራውን ግጥም የዩል ለስላሳና ያልተፈተነ ድምፅ ሲይዘው ከሪድ ሻካራ ድምፅ ይልቅ ይጎዳል። ቀጥሎ «ኋት ጎዝ ኦን» በኦርጋንና በተደራረቡ ጊታሮች ይፈነዳል። «ፔል ብሉ አይስ» ላይ ምቱን የሚጠብቀው ታምቡሪን ነው፤ ጊታሮቹ በጭራሽ አይጣደፉም፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሄዶ አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ከዚያ «ጂሰስ»፣ ጸሎት። ሁለተኛው ገጽ «ቢጊኒንግ ቱ ሲ ዘ ላይት» ብሎ ይነሳና «አይም ሴት ፍሪ» ላይ ይደርሳል። መዝጊያውን «አፍተር አወርስ»ን የምትዘፍነው ታከር ናት፤ ሪድ ለዘፈኑ የራሱ ድምፅ የሌለው የዋህነት ያስፈልጋል ብሎ ነው የሰጣት። ድምፅዋ ልምምድ የሌለው፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ነው፤ ሌላ ማንም ቢዘፍነው ዘፈኑ ይሞታል።

ብዙዎች የሚዘሉት «ዘ መርደር ሚስትሪ»ን ነው፤ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ይጠጋል። ሪድና ሞሪሰን የተለያየ ግጥም በአንድ ጊዜ ያነባሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፤ በመሐል ዩልና ታከር ይዘፍናሉ። እንደ «ዘ ጊፍት» ባላንሱን ወደ አንድ ወገን በማዞር ይፈታል። ዘሎ ማለፉ ግን ይጎዳል፤ ከዚያ ሁሉ የቃላት ውርጅብኝ በኋላ ነው የ«አፍተር አወርስ» ባዶነት ጉልበት የሚያገኘው።

አሁን ወደ ትልቁ ሙግት። ይህ አልበም ሁለት የስቴሪዮ ሚክሶች አሉት። አንዱን የኤም ጂ ኤሙ መሐንዲስ ቫል ቫለንቲን ሠራው። ሌላውን ሪድ ሠራው፤ ሞሪሰን ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀረጸ ይመስላል ስላለ «ክሎዜት ሚክስ» የሚል ስም ወጣለት። በሪድ ሚክስ ድምፁ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ደረቅ ሆኖ ጆሮ ሥር ይቀመጣል፤ መሣሪያዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። በቫለንቲን ሚክስ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ጊታሮቹ ተለያይተው ይሰማሉ። «ሳም ካይንዳ ላቭ» ደግሞ ሚክሱ ብቻ ሳይሆን ቀረጻው ራሱ የተለያየ ነው። ለመለየት የምትፈልጉት ዘፈን ይኸው ነው፤ ከአንድ ጓደኛ ቅጂ ጋር ጎን ለጎን ስሙት፤ ሪድ ቃላቱን የሚሰብርበት ቦታ ካልገጠመ ሁለታችሁ የተለያየ አልበም ነው የያዛችሁት።

የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሸክላዎች የሪድን ሚክስ ይዘው ወጡ፤ አውሮፓ ውስጥ የወጣውና በኋላም ለረጅም ጊዜ የተሸጠው የቫለንቲን ነው። በ1995 የወጣው ባለአምስት ሲዲ ስብስብ ወደ ሪድ ሚክስ ተመለሰ። የ2014 ባለስድስት ሲዲ እትም ሁለቱንም፣ ለማስተዋወቂያ የተሠራውን ሞኖም ጨምሮ ይዟል። በሙዚቃ መተግበሪያ የምትሰሙ ከሆነ ከዘፈኑ ስም ጎን «ክሎዜት ሚክስ» የሚል እንዳለ ተመልከቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው በቫለንቲን ይጀምር፤ «ኋት ጎዝ ኦን» እና «ቢጊኒንግ ቱ ሲ ዘ ላይት» በሪድ ሚክስ ግማሽ ጉልበታቸውን ያጣሉ። «ጂሰስ» እና «ፔል ብሉ አይስ» ግን በሪድ ሚክስ ሌላ ዘፈን ናቸው፤ ሰውየው ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ቫለንቲንን እይዛለሁ። የሪድ ሚክስ ተሟጋቾች «ደራሲው የፈለገው ይህን ነው» ይላሉ፤ ደራሲው ግን የራሱን ድምፅ የሚመዝን ሰው ነበር፤ የሞሪሰንን ጊታር ማን ይመዝንለት?

«ሎደድ» በኖቬምበር 1970 ወጣ፤ አሳታሚው የአትላንቲክ ቅርንጫፍ የሆነው ኮቲሊየን ነው። ድርጅቱ ተወዳጅ በሆኑ ዘፈኖች የተሞላ አልበም ስለጠየቀ ያንኑ («ሎደድ»፣ የተሞላ) ርዕስ አደረጉት። «ስዊት ጄን» እና «ሮክ ኤንድ ሮል» በእርግጥም ባንዱ ከሠራቸው ሁሉ ለጆሮ የቀረቡ ናቸው። ግን ከታች ያለው ነገር ጎድሏል። ታከር ነፍሰ ጡር ስለነበረች አልተጫወተችም፤ ሽፋኑ ላይ ስሟ ቢኖርም ከበሮውን የሚመቱት የዳግ ዩል ወንድም ቢሊ፣ ራሱ ዳግና ሌሎች ናቸው። ሲምባል የሚያርፍበት፣ በመሸጋገሪያው ላይ የሚንከባለል የተለመደ የሮክ ከበሮ ነው። ምንም ስህተት የለበትም፤ ቬልቬት አንደርግራውንድ ግን አይመስልም። ዩል አራት ዘፈኖችን ይዘፍናል፤ ከነዚህ «ኦ! ስዊት ነትን» ከሰባት ደቂቃ በላይ ቀስ እያለ የሚገነባ ግሩም መዝጊያ ነው፤ «ሎንሰም ካውቦይ ቢል» ግን ባይኖርም ማንም አያጣውም።

ሪድ አልበሙ ሳይወጣ በኦገስት 1970 ባንዱን ለቀቀ። የወጣው ሸክላ ላይ የ«ስዊት ጄን» ቀዝቀዝ ያለው መሸጋገሪያ ክፍል ተቆርጧል፤ የ«ኒው ኤጅ» መጨረሻም አጥሯል። ሪድ ይህን ለዓመታት ሲቃወም ኖሯል። የተሟላው ቅጂ በ1995 ስብስብ፣ ቀጥሎም በ1997 ባለሁለት ሲዲው «ፉሊ ሎደድ» ተመለሰ። መለያው ሰዓቱ ነው፤ «ስዊት ጄን» ከሦስት ደቂቃ ብዙም ካላለፈ የተቆረጠው፣ ከአራት ካለፈ የተሟላው ነው። በመተግበሪያ ላይ «ፉል ሌንግዝ ቨርዥን» የሚል ይጻፍበታል። የተሟላውን ምረጡ፤ ያ መሸጋገሪያ ከሌለ የመጨረሻው አዝማች ከየት እንደሚመለስ አይታወቅም። አራተኛ ያደረግኩት ዘፈኖቹ ደካማ ሆነው አይደለም፤ ከበሮው ነው።

የሪድ ስም የሌለበት «ስኩዊዝ» በ1973 ወጣ። ዩል ሎንዶን ውስጥ ብቻውን የሠራው ነው፤ ከበሮውን የዲፕ ፐርፕሉ ኢያን ፔይስ መታለት። የዩል ብቸኛ ሥራ ተብሎ ቢወጣ ማንም ባልጠላው። በዚህ ስም ስለወጣ ግን ከሙግቱ ይወጣል፤ የ1995 ስብስብም አልጨመረውም።

ከዋናዎቹ አልበሞች ውጭ ያለውን መዝለል ግን ትልቅ ኪሳራ ነው። በ1969 ባንዱ ለኤም ጂ ኤም አንድ አልበም የሚሞላ ዘፈን ቀርጾ ሳይወጣ ቀረ፤ በ1985 «ቪ ዩ»፣ በ1986 «አናዘር ቪው» ተብለው ወጡ። «ፎጊ ኖሽን» ላይ ታከር አለች፤ ሪድና ሞሪሰንም በሙሉ ጉልበት ናቸው፤ «ሎደድ» ከታከር ጋር ቢሠራ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን እሱ ነው። የ1985ቱ ሚክስ የዘመኑን የከበሮ ማስተጋቢያ አስገብቶበታል፤ «አይ ካንት ስታንድ ኢት» ላይ በግልጽ ይሰማል። መፍትሔው የ2014 ሦስተኛው አልበም ሳጥን ነው፤ በውስጡ የ1969 ቀረጻዎች በዘመናቸው ሚክስና በ2014 በተሠራ ሚክስ አሉ።

የመድረክ ቀረጻ የሚፈልግ በኦገስት 1970 ኒው ዮርክ ውስጥ ማክስስ ካንሳስ ሲቲ በተባለ ክለብ የተቀረጸውን መጀመሪያ አይግዛ። በተራ የካሴት መቅጃ፣ ከጠረጴዛ ላይ የተቀዳ ሞኖ ነው፤ የታዳሚው ወሬ ዘፈኑን ያቋርጣል፤ ከበሮ ላይም ያለው ቢሊ ዩል ነው። የሪድ የመጨረሻ ምሽት ስለሆነ ታሪካዊ ዋጋ አለው፤ ለመደመጥ ግን ከባድ ነው። የ2001 «ክዋይን ቴፕስ» ሦስት ሲዲም በአድማጭ የተቀዳ ነው፤ ረጃጅሞቹ «ሲስተር ሬይ»ዎች ለጠና ወዳጅ ናቸው። የሚገዛው በ1974 የወጣው የ1969 የመድረክ አልበም ነው፤ ዳላስና ሳን ፍራንሲስኮ የተቀረጸ። እዚያ «ስዊት ጄን» ገና አዲስ ነው፤ ዝግ ይላል፤ ግጥሙም ሌላ ነው። «ኋት ጎዝ ኦን» ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ይደርሳል፤ ሪድ ምቱን ሳያቋርጥ ጊታሩን ይመታል፤ የዩል ኦርጋን ደግሞ አንድ ኮርድ ይዞ ከኋላው እየገፋ ይሄዳል። የሳን ፍራንሲስኮው ሙሉ ቀረጻ በ2015 «ዘ ኮምፕሊት ማትሪክስ ቴፕስ» ተብሎ በአራት ሲዲ ወጥቷል፤ ከአራት ትራክ (ድምፆችን በአራት መስመር ለይቶ ከሚይዝ) ቴፕ ስለተሠራ መሣሪያዎቹ ተለያይተው ይሰማሉ። ሦስተኛውን አልበም ደካማ ነው ለሚል ሰው መጀመሪያ ከዚያ «ሳም ካይንዳ ላቭ»ን አሰሙት፤ የሞሪሰን ጊታር ምን ያህል እንደሚሠራ እዚያ በደንብ ይሰማል።